ኮምቦልቻ ያለ የአሜሪካ ጦር የቀድሞ ወታደር የፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) ክፍያ ከወሎ ሆኖ እንዴት ይጠይቅ?

የቦርከና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ በዲቪ ሄዶ አሜሪካ ጦር ውስጥ ስድስት ዓመት አገልግሏል፤ አፍጋኒስታን ዘምቷል። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2006 በክብር ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ የያዘው ሥራ ሁሉ አልበረክትለት አለ፣ ትዳሩም ፈረሰ፤ በ2011 ጠቅልሎ ኮምቦልቻ ገባ። ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ጥይት ይተኮሳል ብሎ ሰርግ መሄድ ትቷል፤ መስጊድ እንኳ ከበሩ አይርቅም። በ2014 ከተማችን ሲያዝም እዚሁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብሶበታል።

ቪኤን፣ ማለትም የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትን፣ እስከ ዛሬ ምንም ጠይቆ አያውቅም። አንዱ «ጊዜው አልፎብሃል» ይለዋል፤ ሌላው «ያመመህ የወሎው ጦርነት ነው ብለው ይመልሱሃል» ይለዋል። በቴሌግራም ደግሞ አንድ ሰውዬ «ከመጀመሪያው ክፍያ 30 በመቶ ስጠኝና እኔ ልጨርስልህ» ብሎታል። እዚህ ሆኖ ይቻላል? ከምን ይጀምር? ሐኪምስ ምን እንዲጽፍ እንጠይቅ? የምታውቁ እርዱን።

ጦሳ ሥር

እህትዓለም አብሽሪ፣ አልረፈደም። ለዚህ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) የመጨረሻ ቀን የሚባል የለም፤ ከተሰናበቱ ከአርባ ዓመት በኋላ ጠይቀው የተፈቀደላቸው የቬትናም ዘማቾች አሉ። በመዘግየቱ የሚያጣው ያለፈውን ገንዘብ ነው። በተሰናበተ በአንድ ዓመት ውስጥ ጠይቆ ቢሆን ከተሰናበተ ማግስት ጀምሮ ይታሰብለት ነበር፤ አሁን የሚታሰበው ከጠየቀበት ቀን ነው። የአሜሪካ ዜጋ መሆን ወይም እዚያ መኖርም አይጠየቅም። ክፍያው ኮምቦልቻም ቢኖር አይቀንስም፣ የአሜሪካ የገቢ ግብርም የለበትም።

ስለዚህ ማስረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት «ለማመልከት አስቤያለሁ» የሚለውን አጭር ፎርም ያስገባ፤ ቁጥሩ 21-0966 ነው። ይህ ቀኑን ለአንድ ዓመት ይይዝለታል። ዋናውን ማመልከቻ በዚያ ዓመት ውስጥ እስካስገባ ድረስ ከተፈቀደለት ገንዘቡ ከዚህ ፎርም ቀን ጀምሮ ይታሰባል። እዚህ አገር አንድ የሕክምና ወረቀት ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናውቃለን፤ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋም ዝም ብሎ ወር ያልፋል። ዓመቱ ሳይከፈልበት እንዳያልፍ ይህን ፎርም ዛሬ ነገ አይበል።

የቴሌግራሙን ሰውዬ ይተወው። በአሜሪካ ሕግ የመጀመሪያ ክሌም አዘጋጅቶ ለማስገባት ማንም ገንዘብ መቀበል አይችልም፣ ጠበቃም ቢሆን። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ማስከፈል የሚችለው ቪኤ አንድ ጊዜ ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ነው፤ ያኔም ከተጠራቀመው ክፍያ እስከ 20 በመቶ ነው እንደ ተገቢ የሚታየው። ደላላ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩንና የቪኤ መግቢያውን አንዴ ከያዘ ክፍያው የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ መቀየር ይችላል። ይህን ሥራ በነፃ የሚሠሩ አሉ፦ ዲሳብልድ አሜሪካን ቬተራንስ፣ አሜሪካን ሌጅን፣ ቬተራንስ ኦፍ ፎሪን ዋርስ። ከአንዳቸው ጋር ፎርም 21-22 ፈርሞ ወኪሉ ያድርጋቸው። ተወካዩ ወረቀት በራሱ በኩል ማስገባትና ፋይሉን ማየት ስለሚችል ኮምቦልቻ ላለ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ዋናው ማመልከቻ 21-526 ኢዜድ ነው። ከሱ ጋር ዲዲ-214፣ ማለትም የስንብት ወረቀቱ ይሄዳል። ከጠፋበት በፎርም ኤስኤፍ-180 ሴንት ሉዊስ ካለው የወታደር መዝገብ ቤት በነፃ ያወጣል። ሕመሙን ሲጽፍ «ፒቲኤስዲ» ብቻ ብሎ እንዳያቆም፤ ጭንቀት፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ ማጣት ብሎ ይጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2009ኙ የክሌመንስ የፍርድ ውሳኔ ወዲህ ቪኤ ምልክቶቹ የሚያሳዩትን ማንኛውንም የአእምሮ ሕመም ማየት አለበት፤ ቢሆንም ተጽፎ ሲገኝ መርማሪው፣ ማለትም ቪኤ የሚመድበው ሐኪም፣ አይዘለውም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው 21-0781 ላይ ነው፤ ያጋጠመው አሰቃቂ ክስተት የሚጻፍበት ፎርም። «ጦርነት ነበር፣ ብዙ አየሁ» ተብሎ ከተጻፈ መዝገብ ላይ ፈልጎ የሚያረጋግጥለት የለም። የሆነውን ሁሉ ግን መተረክ አይጠበቅበትም፤ መተረኩ ራሱ ሊያሳምመው ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ክስተት ይምረጥ። ለእያንዳንዱ የካምፑን ወይም የአውራጃውን ስም፣ ያኔ የነበረበትን ሻምበልና ሻለቃ፣ የሞተ ወይም የቆሰለ ካለ ስሙን ይጻፍ። ቀኑን በትክክል ካላስታወሰ በሁለት ወር ክልል ውስጥ ያስቀምጠው፤ «ከጁን እስከ ጁላይ» ማለት ይበቃል።

ዲዲ-214ቱ ላይ ኮምባት አክሽን ባጅ፣ ኮምባት ኢንፋንትሪማን ባጅ ወይም ፐርፕል ኸርት ካለ ውጊያ ውስጥ መግባቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። ባይኖርም ተስፋ አይቁረጥ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2010 ጀምሮ በጠላት ጥቃት ስጋት ውስጥ መኖር ራሱ እንደ ምክንያት ተቀባይ ነው፤ ካምፑ ላይ ሮኬትና ሞርታር መውደቁ፣ ፈንጂ ባለበት መንገድ በኮንቮይ መሄዱ። የተናገረው ከነበረበት ቦታና ጊዜ ጋር ከገጠመ የራሱ ቃል ይበቃል። ነገር ግን በዚህ መንገድ ሲሄድ ሕመሙንና ግንኙነቱን የሚያረጋግጠው የቪኤ ወይም ቪኤ የቀጠረው የአእምሮ ሐኪም መሆን አለበት። የደሴ ሐኪም ደብዳቤ ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን አይጨርስም።

ሐይቅ ዳር

ጦሳ ሥር ያለው ልክ ነው። እኔ የ2014ቱን ነገር ልያዝ፤ የወሎ ሰው ክሌም የሚፈተነው እዚያ ላይ ነውና።

መርማሪው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሕመሙ ከውትድርናው የመጣ የመሆን ዕድሉ ቢያንስ ግማሽ በግማሽ ነው ወይ? ግማሽ ከሆነ ያሸንፋል፤ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይያዛል ይላል ሕጉ። እንግዲህ ፋይሉን ገልጦ የመጀመሪያው የሕክምና ካርድ ከኅዳር 2014 በኋላ ብቻ ሆኖ ካገኘው፣ ከተማውም ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ጦርነት ውስጥ እንደነበረ ካወቀ፣ «ያሳመመው ይሄኛው ነው» ማለት ይቀለዋል።

መፍትሔው የወሎውን መደበቅ አይደለም። ከደበቀውና ከሌላ ወረቀት ከተገኘበት የአፍጋኒስታኑንም አያምኑትም። ይናገር። ግን ከዚያ በፊት ታማሚ እንደነበረ ወረቀት ይናገርለት። ያኔ ጥያቄው «ከየት መጣ» መሆኑ ቀርቶ «የነበረው ባሰበት» ይሆናል። መርማሪው ይህ ምልክት ከአፍጋኒስታን፣ ይህኛው ከኮምቦልቻ ብሎ መለየት ካልቻለ ደግሞ ሁሉም ለውትድርናው ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1998ቱ የሚትላይደር የፍርድ ውሳኔ የጸና ነገር ነው፣ ተወካዩ ይህን ጠቅሶ ይጻፍለት።

ማስረጃውን በሁለት ዘመን ክፈሉት። አንደኛው አሜሪካ የነበረበት ነው፤ ከ2006 እስከ 2011። ከግዳጅ ሲመለስ የሞላው የጤና መጠይቅ አለ፤ እንቅልፍ፣ ቅዠት፣ ድንጋጤ የሚሉ ጥያቄዎች ያሉበት፤ የጦሩ የሕክምና መዝገብ ውስጥ ይገኛል። እዚያ ያየው ሐኪም ካለ ካርዱ፣ ከሥራ የተሰናበተበት ወይም ማስጠንቀቂያ የተሰጠበት ደብዳቤ፣ የፍቺው ሰነድ፣ በዚያን ጊዜ የተጻጻፋችሁት የቫይበርና የፌስቡክ መልእክት ቀኑ እየታየ። አብሮት የዘመተ ጓደኛ አንድ ገጽ ቢጽፍለት ከብዙ ወረቀት ይበልጣል። የቀድሞ ባለቤቱም ፈቃደኛ ከሆነች እንዲሁ።

ሁለተኛው ከ2011 እስከ ጥቅምት 2014 ድረስ ነው፣ ወሎ ገብቶ ጦርነቱ ገና ያልደረሰበት ጊዜ። የዚህ ምስክሮች እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ካልጻፋችሁ ማንም የለውም። ፎርሙ 21-10210 ነው፣ ለእያንዳንዱ ምስክር የየራሱ። ውልና ማስረጃ መሄድ አያስፈልግም፤ እውነት መሆኑን አረጋግጦ መፈረም ይበቃል። ስትጽፊ የሕመም ስም አትስጪ። «ወንድሜ ፒቲኤስዲ አለበት፣ በጣም ተጎድቷል» የሚለው ምንም አያስቆጥርም። የሚያስቆጥረው ዓይንሽ ያየው ነው፤ እንዲህ ያለ፦ «በጥር 2012 (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2020) ጎረቤት ሰርግ ሲተኮስ ከማዕድ ተነስቶ አልጋ ሥር ገባ። ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር። እስኪነጋ አልተኛም፤ በማግሥቱም ከቤት አልወጣም።» ሦስት እንዲህ ያለ ነገር ከነቀኑ በቂ ነው።

ቀን ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የእሱ ዲዲ-214 ላይ የተሰናበተበት ዓመት 2014 ተብሎ ነው የሚገኘው፣ በፈረንጅ። የእኛም ጦርነት 2014 ነው። ደብዳቤያችሁ ላይ ዝም ብላችሁ «በ2014ቱ ጦርነት ባሰበት» ካላችሁ አንባቢው የተሰናበተበትን ዓመት ነው የሚያስበው፣ የጊዜ ሰንሰለቱ ሁሉ ይበጠሳል። «በ2010 ሚስቱ ጥላው ሄደች» ብትሉም እንደዚያው፤ በእነሱ 2010 ገና ጦር ውስጥ ነው፣ ምስክሩ የዋሸ ይመስላል። እያንዳንዱ ቀን በፈረንጅ ይጻፍ፣ የእኛው ከፈለጋችሁ በቅንፍ ይግባ።

ስምም እንዲሁ። መሐመድ የሚለውን ስም ብቻ በላቲን ስንት ዓይነት አድርገው እንደሚጽፉት ታውቃላችሁ። ሆስፒታሉም ምስክሮቹም ዲዲ-214 ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይከተሉ፣ የአያት ስም ሳይቀር። በየገጹ ራስጌ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ወይም የቪኤ ፋይል ቁጥሩን ይጻፍበት፤ ስም ብቻ ያለው ወረቀት ሌላ ፋይል ውስጥ ይገባል። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ካለ ዋናውም የእንግሊዝኛ ትርጉሙም አብረው ይሂዱ።

አዝዋ ገደል

የሐኪሙን ወረቀት በተመለከተ። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂድ። አገራችን ውስጥ የሕክምና ካርድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉም አያስፈልገውም። ቀኑ ግን ብዙ ጊዜ በእኛ ነው፤ ያንን አስተካክሎ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ።

ቦርድ የሚሰጠው የተለመደው አጭር ማስረጃ፣ የሕመሙ ስምና «እረፍት ያስፈልገዋል» ብቻ ያለበት፣ ለቪኤ ምንም አይነግረውም። ደብዳቤው ላይ እነዚህ ቢኖሩ መልካም ነው፦ ከመቼ ጀምሮ እንደሚታይ፣ ምርመራው በዲኤስኤም-5 (የአእምሮ ሕመም መለያ መመሪያ) መሠረት መሆኑ፣ ከየትኛው ክስተት ጋር እንደሚገናኝ፣ እያንዳንዱ ምልክት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ የሚወስደው መድኃኒት ከነመጠኑ፣ ሥራና ማኅበራዊ ኑሮ ላይ ያደረሰው ጉዳት። ሐኪሙ የዲዲ-214ቱን ቅጂና የአሜሪካውን ካርድ አይቶ ከሆነ «ይህን ሰነድ ተመልክቻለሁ» ብሎ ይጻፍ፤ ክብደቱ ይለያያል። ስሙ፣ ሙያው፣ የፈቃድ ቁጥሩ፣ ፊርማና ማኅተም አይቅሩ።

ጠበልም ሄዶ፣ ሩቂያም አስደርጎ ከሆነ ይነገር። ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ ቤተሰቡን እንዳሳሰበ የሚያሳይ ነውና ምስክርነት ላይ ከነቀኑ ሊገባ ይችላል።

ጫት ላይ ግልጽ ልሁን። ቅሞ ማታ የሚጠጣ፣ ለመተኛት ብሎ የሚጠጣ ብዙ ነው። መርማሪው ይጠይቃል፤ አይደብቅ። የሚጠቅመው ከመቼ ጀምሮ እና ለምን እንደጀመረ መናገር ነው። ሱስ ራሱን ችሎ አይከፈልበትም፤ ፒቲኤስዲው ያመጣው ከሆነ ግን የሕመሙ አካል ተደርጎ ይታያል። በሌላ በኩል እንቅልፍ ማጣቱን ሁሉ ጫቱ ነው ያመጣው እንዳይባል፣ በማይቅምባቸው ቀናትም እንደማይተኛ ካርዱ ላይ ቢሰፍር ጥሩ ነው።

አንድ የማልደራደርበት ነገር፦ ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ከሆነ ክሌሙ ይቆይ፤ የዛኑ ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለም አውጡ። የቪኤ የቀውስ መስመር በድረ ገጹ ቻት አለው፣ እዚህ ሆኖ ሊጽፍላቸው ይችላል።

የቦርከና ልጅ (ጠያቂ)

አላህ ይስጣችሁ፣ ሁሉንም ጽፌ ይዤያለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ከ2011 ጀምሮ በቅርብ ያየችው እናታችን ናት፤ ፊርማ አትችልም። እና ምርመራው የሚደረገው የት ነው? ከተመለሰበትስ ምን ያደርጋል?

ጦሳ ሥር

ለእናታችን አውራ ጣት ይበቃል። የጣት አሻራዋን ሁለት ሰዎች ባሉበት ታድርግ፤ ሁለቱም ስማቸውን ጽፈው ይፈርሙ፣ አድራሻቸውንም ይጻፉ። ቃሏ በአማርኛ ይጻፍ፣ ተነብቦላት ትስማ፤ ተርጓሚው ማን እንደሆነ ትርጉሙ ላይ ይገለጽ።

ምርመራውን የሚያዘጋጀው ቪኤ የቀጠረው ድርጅት ነው፤ ቦታውን እነሱ ይነግሩታል። እዚህ ላይ ክሌም የሚሞተው በስልክ ነው። የቪኤ ፋይል ውስጥ ያለው የድሮው የአሜሪካ ቁጥር ከሆነ ይደውላሉ፣ ማንም አያነሳም፣ «አልቀረበም» ተብሎ ባለው ወረቀት ብቻ ይወሰናል። የኢትዮጵያ ቁጥሩን ከ+251 ጋር፣ ኢሜይሉንና የሚሠራ የፖስታ ሣጥን አድራሻ አሁኑኑ ያስለውጥ። አሜሪካ የሚሄድበት ጊዜ ካለ ቀኑን ለተወካዩ ያሳውቅ፣ እዚያ ሊያዙለት ይችላሉ። መቅረት ግድ ከሆነበት ከቀጠሮው በፊት በጽሑፍ ምክንያቱን ይላክ።

ምርመራው ላይ «እንዴት ነህ?» ሲባል እንደ ልማዳችን «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ካለ፣ መርማሪው «ደህና ነኝ ብሏል» ብሎ ይጽፋል። ምስጋናውን ለፈጣሪው ያድርስ፣ ግን ቀጥሎ የከፋውን ቀን ይናገር። ሳያጋንን፦ በሳምንት ስንት ሌሊት እንደማይተኛ፣ ስንት ጊዜ ልቡ እንደሚመታና ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ ከማን ከማን ጋር መነጋገር እንደተወ፣ ገላውን ሳይታጠብ ስንት ቀን እንደሚያድር፣ ሥራ ለምን እንደለቀቀ። ብዙ ወንድ እነዚህን ማውራት ያፍራል፣ በተለይ ሴት መርማሪ ፊት። አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ይዞ ይግባና ያንብብ፤ ይፈቀዳል።

ደረጃው 0፣ 10፣ 30፣ 50፣ 70 ወይም 100 በመቶ ነው፤ የሚወሰነው ሕመሙ ሥራውንና ማኅበራዊ ኑሮውን ምን ያህል እንደጎዳ በማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ታሪፍ ቤተሰብ የሌለው ሰው በወር 30 በመቶ ላይ 537.42 ዶላር፣ 50 ላይ 1,102.04፣ 70 ላይ 1,759.19፣ 100 ላይ 3,831.30 ነበር። ከ30 ጀምሮ ለሚስትና ለልጅ፣ እንዲሁም በእሱ ላይ ጥገኛ ለሆኑ ወላጆች ይጨመራል፤ ለእናታችሁ ፎርሙ 21ፒ-509 ነው። በሕመሙ ምክንያት ሥራ መያዝ ጨርሶ ካልቻለና ደረጃው 70 ከሆነ፣ በ21-8940 በ100 በመቶ ልክ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። የአሜሪካ ባንክ ሒሳቡን አይዝጋ፤ ገንዘቡ በቀጥታ የሚገባው እዚያ ነው።

ከተመለሰበት፣ ወይም ዝቅ ብሎ ከተሰጠው፣ በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለው። መጀመሪያ «ምክንያቱ» የሚለውን ክፍል ያንብብ፤ የጎደለው ሕመሙ ነው፣ ክስተቱ ነው፣ ወይስ በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት? አዲስ ማስረጃ ካለ በፎርም 20-0995 ይጠይቅ። አዲስ ነገር ከሌለ ግን የተሳሳቱት እነሱ ከሆኑ 20-0996፤ በዚህኛው ምንም አዲስ ወረቀት ማስገባት አይቻልም። ዳኛ ፊት ለመቅረብ 10182። እናንተ ዘንድ እንደምገምተው የሚመለሰው «ከውትድርና በኋላ በደረሰ ነገር ነው» ተብሎ ከሆነ፣ ሐይቅ ዳር ያለችው የ2011–2014 ምስክርነት ላይ ተጨማሪ ሰው ፈልጋችሁ በ20-0995 ግቡ። ዓመቱ ካለፈ ማመልከት አይከለከልም፣ ግን የመጀመሪያው ቀን ይጠፋል።

ሐይቅ ዳር

ከተፈቀደለት በኋላ የሕክምናውን ወጪ የሚመልስ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ፎሪን ሜዲካል ፕሮግራም። ፒቲኤስዲው ከውትድርና ነው ተብሎ ከተጻፈለት፣ 0 በመቶም ቢሆን፣ ለዚያ ሕመም ደሴም ሆነ አዲስ አበባ የከፈለውን መጠየቅ ይችላል። በ10-7959ኤፍ-1 ይመዘገባል፣ ደረሰኙን በ10-7959ኤፍ-2 ይልካል፤ ከታከመበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት አለው። ደረሰኙ ላይ «መድኃኒት፦ ይህን ያህል ብር» ብቻ ከሆነ ይመለሳል፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ለየትኛው ሕመም እንደታዘዘና ቀኑ በፈረንጅ መኖር አለበት። ከፋርማሲው ሳይወጣ ይህን ያስጽፍ፣ የሐኪሙንም ማዘዣ ፎቶ ያንሳ፤ ማዘዣውን ፋርማሲው ያስቀረዋልና በኋላ አይገኝም።